ስሟ ያልተጠራ መላሽ

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማንንም ስም አልጠራም። ይህን የተማርኩት ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ ስሙ ካልተጠራ ሰውየው ተጠብቋል ይባላል። እኔም እንደተማርኩት አደርጋለሁ። የወንድሜን ስም አልጠራም፤ የመምህሬንም፣ ቤቴ የተቀመጠችውን ልጅም አልጠራም። ሲያነቡት ራሳቸውን ቢያገኙ ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ልጄ ፋርማሲ ተምራ ሥራ ከያዘች በኋላ ነው። ሁለተኛ ደረጃን በማታ ጨርሼ፣ የሱዳንን የመልቀቂያ ፈተና ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ጋር ተቀምጬ አለፍኩ። የደረሰኝ ክፍል የልማት ጥናት የሚባለው ነበር። ከኢኮኖሚክስ ትንሽ፣ ከሶሲዮሎጂ ትንሽ፣ ከጂኦግራፊ ትንሽ፣ ከሕግም ትንሽ ይሰጣል። የማርያም ማኅበራችን አንጋፋ የሆነችው ሴትዮ ሰምታ፣ ስጨርስ ሐኪም እሆን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኳት። መምህርስ? እሱም አይደለም። ፍርድ ቤት ነው የምትሠሪው? አይ።

«ታዲያ ይኼ የበርበሬ ቅመም ነው በይኛ» አለች፤ «ከሁሉም ቆንጠር ቆንጠር።»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ማኅበር ስንቀመጥ ቅመሟ መጣች ይሉኝ ነበር። አልረሳሁትም።

ያልነገርኳቸው ነገር ቢኖር ትምህርቱን ምን ያህል እንደወደድኩት ነው። እስከዚያ ድረስ ኑሮዬ ሁሉ የራሴ ኃጢአት ይመስለኝ ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን አንድ ቀን መምህሩ ሰሌዳው ላይ ዝናብን፣ የሰሊጥን ዋጋ፣ ከጎንደር ቆላ ለአጨዳ የሚወርደውን ሰው፣ የፖሊስን አዋጅ፣ ከተማ ዳር የሚቀጠለውን የቆርቆሮ ሰፈር በየቦታው ጻፈና በመስመር አገናኛቸው። ከመስመሮቹ መካከል አንዱ ቤቴን አቋርጦ ያልፋል። የተማሪው ግማሽ ያንቀላፋ ነበር። እኔ ግን ሰሌዳው እንዳይጠፋ ፈርቼ ቶሎ ቶሎ ቀዳሁ። ሞኝነቴ የጀመረው ያን ቀን ነው። ይህን ሁሉ ያወቀ ትምህርት አይዋሽም ብዬ አመንኩት።

ወንድሜ ፋሽጋ ላይ ትራክተር ያከራያል። መማሬን ሲሰማ ከተማ መጥቶ በሬ ላይ ቆመ፤ አልገባም። የአባታችንን ስም ክፍል ለክፍል ይዘሽ ከሕፃናት ጋር አትጫወቺበት አለኝ። ስለ ስም የሚያውቀው እሱ ነው። ያ ወንድሜ ለስሙ ሲል ምን እንዳደረገ በኋላ እጽፈዋለሁ።

መምህሩን ላስተዋውቅ። በክረምት፣ ጥቁሩ የገዳሪፍ ጭቃ የሰው ጫማ ነክሶ በሚያስቀርበት ወር፣ ጫማው የሚያበራ ሰው ነው። ሲናገር የእስክሪብቶውን ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የጥናት ዘዴ የሚያስተምረን እሱ ነበር። አንገቴ ላይ ማተብ እያየ «ሀጃ» ይለኛል፤ እዚህ አገር ትልቅ ሴት ስትከበር ሀጃ ነው የምትባለው፣ ተማሪዎቹም ከሱ ሰምተው በዚያው ጠሩኝ። በክብር መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም በክፍሉ ውስጥ በራሴ ስም የማልጠራ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ ስንመርጥ እኔ መፋዛ የሚባለውን ቦታ መረጥኩ፤ በራሃድ ወንዝ ዳር የሚያርሱ ሰዎች ወንዙ ሞልቶ ሲመጣና ሲሸሽ ማሳቸውን እንዴት እንደሚካፈሉ። መምህሩ ክዳኑን ከፍቶ ዘጋ። ሀጃ፣ ለምን ሩቅ ትሄጃለሽ፣ የራስሽ ሰዎች እዚሁ አሉልሽ አለኝ። በመንገድ ዳር ንግድ የሚተዳደሩ የሐበሻ ሴቶችና ሕጉ የሚል ርዕስ አዘጋጅቶልኝ ቆይቷል። አልፈልግም አልኩት። ሌላው ተማሪ የፈለገውን ሲያጠና፣ እኔ ስሆን ራሴን እንዳጠና የሚፈለገው ለምንድን ነው? ይህን ግን አልጠየቅሁትም። መፋዛ አክስት አለችኝ ብዬ ዋሸሁ። ርዕሱን ቤቴ ለምትኖረው ልጅ ሰጣት።

ልጅቱ ከካርቱም የመጣች ናት። ጦርነቱ ሲነሳ ዩኒቨርሲቲዋ ተዘጋ፣ ቤተሰቦቿ ወደ ግብፅ ሲወጡ እሷ ትምህርቴን ሳልጨርስ አልሄድም ብላ ገዳሪፍ ቀረች። ትምህርት ቤቶች ሁሉ በተፈናቃይ ተሞልተው ማደሪያ ስታጣ፣ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል እንድትተኛ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ኻልቲ ትለኛለች፤ አክስቴ ማለቷ ነው። ሳይነግሯት ዕቃ ታጥባለች። የጾም ቀን ሲሆን ቤት ውስጥ ሥጋ አታስገባም። ከልጄ ጋር በዓረብኛ ሲያወሩ ሲሳሳቁ እሰማለሁ። ክፉ ልጅ ብትሆን ኖሮ ይህን መጻፍ እንዴት በቀለለኝ።

አንድ ከሰዓት፣ ልጄ ሥራ ላይ እያለች፣ ስልኳን በርጩማው ላይ አኑራ ፊቴ ተቀመጠች። ኻልቲ፣ ቃለ መጠይቅ ላድርግልሽ አለችኝ። ከዚያ ደንቡን አነበበችልኝ፦ ስምሽ አይጠቀስም፣ መመለስ ያልፈለግሽውን መተው ትችያለሽ፣ በፈለግሽ ጊዜ ማቋረጥ ትችያለሽ። በቃሌ የማውቀው ነበር፤ ለፈተና ያጠናሁት፣ እኔም መፋዛ ላይ ለሰው ያነበብኩት።  ግን ዕድሜዬን ሙሉ የት ነበርሽ፣ ምን ሆንሽ ብሎ እንዲህ አደላድሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ነበር። ተናገርኩ።

አሁንማ አደባባይ የወጣ ነገር ስለሆነ በራሴ ቃል ልበለው። የልጄ አባት ወደ ሊቢያ ልሻገር ብሎ ወጥቶ ከጠፋ በኋላ አረቄ አወጣ ነበር። ሻይ ሸጬ የቤት ኪራይና የልጅ ወተት አልሆን አለኝ። ያኔ ክርስቲያንም ብትሆኚ አረቄ ወንጀል ነው። ፖሊስ ድንገት ሰፈሩን ከቦ ቤት ለቤት ሲፈትሽ ሐበሻው ከሻ ይለዋል፤ በአንዱ ከሻ ተያዝኩ። ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ ተገረፍኩ፤ ከዚያ እስር ቤት ገባሁ። ከሚያዩት መካከል አንዱ ሳምቡሳ ይበላ ነበር። ጅራፉ ሲያርፍ ማኘኩን ያቆማል፣ ከዚያ ይቀጥላል። እኔ እሱን እያየሁ ነው የጨረስኩት።

ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። የያዘቻት ጎረቤቴ፣ ሱዳናዊት ሴት፣ ናት። ወንድሜ እስር ቤት አንድ ቀን አልመጣም። ያደረገው ሌላ ነው። እህቱ በአረቄ ተገርፋ ታሰረች እንዳይባል፣ መተማ ለልቅሶ ሄዳለች ብሎ አወራ፤ ወሬው እንዲያምርለት ከጎረቤቴ ቤት ሄዶ የሕፃኗ ራስ ላይ ጥቁር ጨርቅ አሰረ። ስፈታ ልጄን ያገኘኋት በጥቁር ነው። ሰዎቹ እኔንም እግዚአብሔር ያጽናሽ አሉኝ። አሜን አልኩ። ሰፈር ቀየርን። ነገሩ በዚያው ተቀበረ፤ ከሚያውቁኝ ሰዎች ከሱና ከጎረቤቴ በቀር የሰማ አልነበረም። ልጄ እንዳታውቅ ብዬ የኖርኩትን ኑሮ ሰው አይቆጥርልኝም። ጀርባዬን ታጥቤ ስወጣ እንኳ እንዳታየው ለብሼ ነበር የምወጣው።

ስለ ጥቁሩ ጨርቅ ለልጅቱ አልነገርኳትም። የቀረውን ሁሉ ነገርኳት፤ ሳምቡሳውን ጭምር።

ጥናት ጨርሰሽ ሰው ፊት ቆመሽ የምትከላከይበት ቀን ሙናቀሻ ይባላል። እዚህ አገር እንደ ሠርግ ነው። ቤተሰብ ጣፋጭና ጭማቂ ይዞ ይመጣል፣ ከፊት ይቀመጣል፤ መርማሪዎቹ ውጤቱን ሲያነቡ የቤተሰቡ ሴቶች እልል ይላሉ። የልጅቱ ቤተሰብ ግብፅ ነው። ስለዚህ ቤተሰቧ እኛ ሆንን። ልጄ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ባስታ የሚባለውን ጣፋጭ በትልቅ ትሪ አስደርድራ አመጣች። እኔ ነጠላዬን ለበስኩ። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ አስቀመጡን። ትሪው የሚቀመጥበት ጠፍቶ ልጄ ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው።

ልጅቱ በደንብ ተናገረች። የአዋጁን ታሪክ፣ የሴቶቹን ብዛት፣ ሁሉንም። ከዚያ ቃለ መጠይቅ የሰጧትን ሴቶች መላሽ አንድ አለች፣ መላሽ ሁለት፣ መላሽ ሦስት። ሁሉም ስም የላቸውም፤ ሻይ ሻጭ፣ ምግብ አብሳይ፣ እንዲህ እያለች። ገዳሪፍ ሻይ ሻጭ ሞልቷል፤ ማን መሆናቸውን ማንም አያውቅም።

«መላሽ አራት» አለች፤ «ሐበሻ፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች፣ አንዲት ሴት ልጅ ያላት፣ በአሁኑ ጊዜ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ የአራተኛ ዓመት ተማሪ።»

በዚያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሐበሻ ተማሪ አንዲት ናት። ከኋላዬ ወንበሮች ሲንቋቁ ሰማሁ። ልጅቱ ግን አንገቷን ወረቀቷ ላይ ደፍታ ቀጠለች። ስም አልጠራችምና ምንም የቀራት ነገር አልመሰላትም። ከሻውን አነበበች። ግቢውን አነበበች። ጅራፉን አነበበች። ሳምቡሳው ላይ ስትደርስ ከኋላ የሆኑ ልጆች ሳቁ፤ በክፋት አይመስለኝም፣ ነገሩ ድንገት ስለመጣባቸው ነው። በራሴ አፍ የወጣ ቃል ነው፣ እኔም ስናገረው ፈገግ ብዬ ነበር። ወደ ልጄ አልዞርኩም። የሚታየኝ ትሪው ብቻ ነበር፤ ባስታው ላይ የተነሰነሰው ኦቾሎኒ ይንቀጠቀጣል።

መምህሩ ይህ ክፍል የጥናቱ ጠንካራ ጎን ነው አለ። አማካሪዋ እሱ ነው፤ ቀድሞ አንብቦታል፣ አርሞታል፣ አሳልፎታል። ክዳኑን ከፈተና ቀጥ ብሎ አየኝ።

«ለመላሿ ድፍረት እናጨብጭብላት» አለ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ለማን እንደሚያጨበጭቡ ሁሉም ያውቃሉ፤ ሁሉም ደግሞ እንደማያውቅ ሰው ወደ ፊት ያያሉ። ልጄ አላጨበጨበችም፤ እጇ ከትሪው አልተለቀቀም።

ከዚያ መርማሪዎቹ ወጥተው ተመለሱና ውጤቱን አነበቡ፤ ሙምታዝ፣ ከፍተኛው። ልጅቱ እያለቀሰች ወደኛ ዞረች። አዳራሹ ጠበቀ። ቤተሰቧ እኛ ነን፤ እልል ማለት የኛ ነው። ልጄ ዓይኗን ከትሪው አላነሳችም። ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚያየው። አፌን በነጠላዬ ጋርጄ እልል አልኩ። በጅራፉ ቀን ያልጮህኩት ሴትዮ፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ በራሴ ላይ እልል አልኩ። ብዙ ነገር ደርሶብኛል፤ እስከ ዛሬ ስተኛ ትዝ ሲለኝ ፊቴን የሚያቃጥለኝ ግን ያ እልልታ ነው።

ባስታውን አደልን። ሰዉ ባስታ እየወሰደ እግረ መንገዱን ትከሻዬን መታ መታ ያደርጋል። አንዲት ተማሪ ሀጃ፣ ጀግና ነሽ አለችኝ። ባስታ አቀበልኳት።

ቤት ስንደርስ ልጅቱ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። በመንገዳችን ሁሉ ዝምታችንን ስትመረምር ቆይታ የሆነ ነገር መሳቷን ጠርጥራለች፤ የቱን እንደሆነ ግን አላገኘችውም።

«ኻልቲ፣ ስምሽን እኮ አልጠራሁም።»

እውነቷን ነው። አልጠራችም። ጥናቷን ገልጣ ብታሳየኝ አንድ ቦታ እንኳ ስሜ የለበትም። አይ፣ አልጠራሽም አልኳት። አላባረርኳትም፤ ይህ ይታወቅልኝ። ከሳምንታት በኋላ ከሰላ ሥራ አግኝታ እስክትሄድ ድረስ ራቷን እያቀረብኩ አኖርኳት። ስትሄድ ግን መንገድ አልሸኘኋትም።

ልጄ ያን ዕለት ያልበላችውን ራት በማግስቱ በላች። ስትበላ ቆይታ እጇን ታጠበችና ቁጭ አለች። እሷ ተናዳም ሆነ አዝና ቃል የምታበዛ ልጅ አይደለችም፤ በዚህ እኔን ወጥታለች።

«ዩማ፣ ያኔ አጎቴ ጥቁር አስሮልኝ ነበር» አለችኝ። «የማን ልቅሶ ነበር?»

የማንም አልነበረም አልኳት። አጎትሽ የፈጠረው ነው።

«እኔ እኮ አልቅሻለሁ። ጎረቤታችን፣ አያትሽ ናት የሞተችው፣ አልቅሺ ብትለኝ ነው ያለቀስኩት። ወላሂ፣ ብዙ ቀን ነው ያለቀስኩት።»

ይህን እኔም አላውቅም ነበር። እናቴ ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖራለች። ስትሞት ልጄ እንባ አጥታ፣ እኔም ልቧ ደረቀ ብዬ ተቀይሜያት ነበር። ለካ አጎቷ እንባዋን ቀድሞ አስጨርሷታል። ወንድሜ ይህን ቢያነብ ይህችን መስመር ደግሞ ያንብብ።

ከዚያ ወዲያ ለብዙ ጊዜ ቤታችን ውስጥ የሚነገረው የሥራ ነገር ብቻ ሆነ። ውኃ መጥቷል፣ መብራት ሄዷል፣ ጋዝ አልቋል። ልጄ ጀርባዬን ስታይ እይዛታለሁ፤ እንደ ፋርማሲ ባለሙያ ታያለች፣ ከልብሴ በላይ። መጠየቅ ትፈልጋለች፣ አትጠይቅም። እኔም አልከፍትላትም።

የኔ ሙናቀሻ ተራ ሲደርስ ጥናቴን እንደገና ቁጭ ብዬ አነበብኩት። መፋዛ ላይ ከሰበሰብኩት ሁሉ የሚበልጠው አንዲት ሴት የነገረችኝ ነበር። ባሏ ሞቶ ብቻዋን ወንዙ ዳር ታርሳለች። ውኃው ሸሽቶ መሬት ሲከፋፈል ድርሻዋን እንዴት እንዳስከበረች፣ ለዚያስ ምን እንዳደረገች፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ ነግራኛለች። እኔም ደንቡን አንብቤላት ነው፤ ስምሽ አይጠቀስም ብያት። «መላሽ ሰባት፣ ባሏ የሞተባት፣ በወንዙ ዳር ብቻዋን የምታርስ» ብዬ ጽፌያለሁ። ገጾቹን በሙሉ ከጥናቱ አወጣኋቸው። አራተኛው ምዕራፍ እንደ ከሳ በሬ ጎድኑ ብቻ ቀረ።

መምህሩ ከመርማሪዎቹ አንዱ ሆኖ ተቀመጠ። ጫማው ያበራል። አራተኛውን ምዕራፍ ገልብጦ ገልብጦ ክዳኑን ዘጋ።

«ሀጃ፣ ይሄ ምዕራፍ ሳስቷል። የአንድ ሴት ድምፅ እንኳ የለበትም። መፋዛ ሄደሽ ሴት አላገኘሽም?»

«አግኝቻለሁ» አልኩት። «በወንዙ ዳር ብቻዋን የምታርስ ሴት ግን አንዲት ናት። ስሟን ብተወው ማን ይጠፋዋል? የነገረችኝን ከምዕራፉ አውጥቼዋለሁ።»

በደንቡ መሠረት ስም ካልተጠራ በቂ ነው አለኝ። ደንቡን ያወጣው ሰው መፋዛን አያውቃትም አልኩት። አጠገቡ የተቀመጠችው መርማሪ፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጋበዘች ሴት፣ አንገቷን ቀና አድርጋ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ እሱን አየች። እሱ የሆነ ነገር ጻፈ። ያን ጊዜ ፊቱ ሲቀላ አየሁ ብል ደስ ባለኝ፤ አላየሁም። አንዳንድ ሰው ላይ እፍረት መንገዱን አያውቀውም፤ የሱንም ድርሻ ጭምር ተሸክሜ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ውጤቴ መቅቡል ሆነ። ያልፋል ማለት ነው፤ ከሱ በታች ያለው መውደቅ ነው። ለመቅቡል እልል የሚል የለም፣ ቤተሰብም ካለ ዝም ብሎ ትሪውን ይዞ ይነሳል። ከማኅበሩ ሴቶች ማንንም አልጠራሁም ነበር። አዳራሹ ወረቀቱን መሰብሰብ ሲጀምር ግን ከመጀመሪያው ረድፍ እልልታ ተሰማ። ልጄ ናት፤ የሥራ ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች፣ ብቻዋን ቆማ። መምህሩ ስህተት ሰምታ ይሆናል ብሎ ውጤቱን ሊደግምላት አፉን ከፈተ። ሳይጨርስ እልልታውን ደገመችው።

ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ተመለስን። ልጄ ያመጣችው ባስታ ብዙ ሳይበላ ተርፏል፤ ትሪው ጭኗ ላይ በየጉድጓዱ ይዘላል። ገበያውን አለፍን።

«ያቺ የመፋዛዋ ሴትዮ ምንድን ነው የነገረችሽ?» አለችኝ።

«አልነግርሽም።»

ዞራ አየችኝ። ከዚያ ከልጅቱ ሙናቀሻ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። አንድ ባስታ አንስታ ሰጠችኝና ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። እኔም በላሁት።